ማቆሚያው በማን እጅ ነው? የጎንደር መምህራንና የክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂ

ጎንደር ውስጥ አንድ የማውቀው የፊዚክስ መምህር የድምፅን ፍጥነት ያስተማረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ አልነበረም። ተማሪዎቹን ወደ ግቢው አወጣ፤ አሥር ሜትር ለክቶ በሁለቱ ጫፎች ሁለት ዴስክ አስቀመጠ፤ በየዴስኩ ላይ አንድ አንድ ስልክ አኖረ። አንደኛው ስልክ የራሱ ነው፤ ሌላውን ከሒሳብ መምህሩ ተውሶታል። በሁለቱም ላይ ፋይፎክስ የሚባል፣ ጀርመን ውስጥ በአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነፃ መተግበሪያ ተጭኗል። ይህ መተግበሪያ በስማርት ስልክ ውስጥ የሚገኘውን ድምፅ መቀበያና እንቅስቃሴ መለኪያ ወደ ላቦራቶሪ መሣሪያነት የሚቀይር ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የዚያን ቀን ያስፈለገው በድምፅ የሚሠራው ሰዓት ነበር፤ ጭብጨባ ሲሰማ መቁጠር ይጀምራል፣ ሌላ ጭብጨባ ሲሰማ ያቆማል።

አንዲት ተማሪ ከመጀመሪያው ስልክ አጠገብ ታጨበጭባለች፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ ተማሪ ከሁለተኛው ስልክ አጠገብ ያጨበጭባል። የመጀመሪያው ስልክ ቀድሞ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ያቆማል፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ቀድሞ ያቆማል። የሁለቱ ንባብ ልዩነት ድምፅ አሥሩን ሜትር ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ከሸፉ፤ ከኋላ የቆሙት ልጆች ሲስቁ ሰዓቱ በሳቃቸው ተነሣ። በሦስተኛው አንዱ ስልክ 1.874፣ ሌላው 1.816 ሰከንድ አነበበ። ልዩነቱ 0.058 ሰከንድ ነው፤ ሃያው ሜትር ለዚህ ሲካፈል 345 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይወጣል። የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን በመማሪያ መጽሐፍ የሚሰጠው ቁጥር 343 ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ታዲያ ድምፁ ለምን አልዘገየም?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ስልኮቹን ኪሱ ከተተና የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሰጠው። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። በመጨረሻ የደረሱበት መልስ፣ ወደ ከፍታ ስንወጣ የአየር ግፊትም የአየር እፍግታም አብረው ስለሚቀንሱ ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ የሁለቱ ጥምርታ እንደማይዛባ፣ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነውም የአየሩ ሙቀት እንደሆነ ነበር። የዕለቱ ዕቅድ አላለቀም፤ መልመጃው ወደ ነገ ተላለፈ።

ይህን በዝርዝር ያነሣሁት በክፍል ውስጥ ቴክኖሎጂን በፈጠራ መጠቀም ሲባል ብዙ ጊዜ ውይይታችን ስለ ዕቃ ብቻ ስለሚሆን ነው። ስንት ኮምፒውተር ገባ፣ ስንት ታብሌት ተሰጠ፣ ስንት ኤልሲዲ ተገዛ እንላለን። ከላይ ባለው ትምህርት ውስጥ የነበረው ዕቃ ሁለት ያገለገሉ ስልኮች ነው። ትምህርቱን ትምህርት ያደረገው መምህሩ መሣሪያውን መቼ እንደሚያወጣና መቼ ኪሱ እንደሚከተው ራሱ መወሰን መቻሉ ይመስለኛል። ማቆሚያው በእጁ ነበር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም በአገራችን የትምህርት ቴክኖሎጂ ታሪክ ውስጥ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ጉዳይ ነው።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ በመላ አገሪቱ ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ እንግሊዝኛና ሥነ ዜጋ በአብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅተው በሳተላይት በአንድ ሰዓት ለሁሉም ክፍል ይሠራጩ ጀመር። መምህሩ ለመግቢያ ጥቂት ደቂቃ፣ ለመዝጊያም ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሐሉ የስክሪኑ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ከዚያም «በጣም ጥሩ» ይላል። ክፍላችን ውስጥ የመለሰ ሰው አልነበረም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ትምህርቱ ጥሎን ሄዶ እናገኘዋለን። መምህራችን በስክሪኑ ጎን ቆሞ እጁን አጣምሮ ያያል፤ አንዳንዴም አይቶ አይቶ ወደ እኛ ዞር ይልና «ገባችሁ?» ብሎ ሳይጨርስ ቀጣዩ ምስል ይመጣል። ያ ሰው ከሁላችንም ይልቅ የተበደለ ይመስለኛል፤ አሥር ዓመት ያስተማረበትን ትምህርት በራሱ ክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ተቀምጦ ይሰማው ነበርና።

ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን መባል ያለበት አለ። ፕላዝማ የመጣው በክፋት አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በፍጥነት እያደገ፣ የሠለጠነ መምህር እያነሰ፣ ላቦራቶሪ የሚባል ነገር በብዙ ቦታ በስም ብቻ ባለበት ጊዜ፣ በአንድ ጥሩ ትምህርት ሁሉንም ለመድረስ የታሰበ መፍትሔ ነው። የኬሚካል ውህደትን በዓይናችን ያየነው በእርሱ ነው። የወደቀው ምስሉ ስለተበላሸ አይደለም። ማቆሚያ፣ መመለሻና ማዘግያ ለመምህሩ ስላልተሰጠው ነው። ዛሬ ያው ምስል በፍላሽ ተገልብጦ በመምህሩ እጅ ቢገባ፣ ሦስት ደቂቃውን ብቻ አሳይቶ፣ አቁሞ፣ በአማርኛ አስረድቶ፣ ጠይቆ፣ ደግሞ ቢቀጥል ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

ጎንደር ለዚህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለችም። በበአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም (የዜማና የሽብሸባ ትምህርት) ጉባኤ ያየ ሰው እንደሚያውቀው በአብነት ትምህርት ቤት ሁሉም ተማሪ በአንድ ገጽ ላይ አይገኝም። ጀማሪው ከነባሩ ይቀጽላል፣ ነባሩ ከየኔታ ዘንድ ይቀርባል፣ የኔታም እያንዳንዱን በደረሰበት ይሰሙታል፤ ያልያዘው አይሻገርም። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ችግር ይህን ማድረግ አለመቻሉ ነው። በአንድ ክፍል ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ተቀምጦ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ማን ገባው ማን አልገባው ለማወቅ ያለው ዘዴ «ገባችሁ?» ማለት ብቻ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ ደግሞ በአገራችን ሁልጊዜም «አዎ» የሚል መልስ ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ ከሰማኋቸው ዘዴዎች ሁሉ በጣም የምወደው ከዚህ ችግር ጋር የሚታገለው ነው። ፕሊከርስ በሚባለው መተግበሪያ እያንዳንዱ ተማሪ በወረቀት ላይ የታተመ፣ ከሌላው የተለየ ቅርጽ ያለው ካርድ ይይዛል። ካርዱ አራት ጎን አለው፤ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሆነ መልሱን ይወስናል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም መ። መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ተማሪዎቹ ካርዳቸውን አዙረው ያነሣሉ፣ እርሱም የስልኩን ካሜራ በክፍሉ ላይ ቀስ አድርጎ ያሻግራል። በሰከንዶች ውስጥ ማን ምን እንደመለሰ ስልኩ ላይ ያየዋል። ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም። ከሁሉም በላይ ጎረቤቱ የእርሱን መልስ በቀላሉ መለየት አይችልም፤ የካርዶቹ ቅርጽ የተለያየ ነውና። እጅ በማውጣት ጊዜ የጎበዙን እጅ አይቶ የሚያነሣው ሁሉ እዚህ ብቻውን ይቀራል። ተሳስቶ መታየትን ፈርታ ዓመቱን ሙሉ ዝም የምትል ልጅም ያለ እፍረት ትመልሳለች።

ቁም ነገሩ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ግማሹ ክፍል «ለ» ብሎ ከተሳሳተ መምህሩ ምን ያደርጋል? በዕቅዱ መሠረት ወደ ቀጣዩ ርዕስ ከሄደ ካርዱ ጨዋታ ሆኖ ቀረ። «ለ» ያሉትን «ሐ» ካሉት አጠገብ አስቀምጦ ሦስት ደቂቃ እንዲከራከሩና እንደገና ካርድ እንዲያነሡ ካደረገ ግን የኔታ ነባሩን ለጀማሪ የሚሰጡበትን ዘዴ በስልክ አመጣው ማለት ነው። ዝግጅቱ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ የካርድ ማሳተሚያውም ወጪ አለው፤ ይህን የሚሸፍነው ብዙ ጊዜ መምህሩ ራሱ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ስለ ኢንተርኔት ሲነሣ በጎንደር የሚያስተምር ሰው ከአዲስ አበባው ባልደረባው የተለየ ትምህርት ቀስሟል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ በክልሉ እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነዋል። በዚያ ጊዜ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ማንኛውም የማስተማሪያ ዘዴ በአንድ ቀን ሞተ። የተረፈው በእጅ ያለው ነው፤ በሚሞሪ የተቀዳው፣ በዜንደር ከስልክ ስልክ የተላለፈው፣ በፍላሽ ከአይሲቲ ክፍል የወጣው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዊማን የተጀመረው ፌት የተባለው የሳይንስ ማሳያ ስብስብ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ሊሠራ መቻሉ ለአውሮፓ መምህር ትንሽ ምቾት ነው፤ ለእኛ ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። ስለዚህ ለክልላችን ትምህርት ቤት የሚታሰብ ማንኛውም ነገር መጀመሪያ «ኔትወርክ ባይኖርስ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ሁለተኛው ጥያቄ «መብራት ባይኖርስ?» ነው።

በዚህ በኩል የተናቀ ሀብት አለን፤ ሚኒሚዲያ። ሁሉም ትምህርት ቤት ማለት ይቻላል በዕረፍት ሰዓት ግጥምና የልደት መልካም ምኞት የሚያሰማበት ድምፅ ማጉያ በግቢው ላይ ሰቅሏል። አንዲት የአማርኛ መምህርት ተማሪዎቿን ወደ ቅዳሜ ገበያና ወደየአያቶቻቸው ልካ፣ የድሮ የጎንደር ሠፈር ስሞች ከየት እንደመጡ፣ ጥምቀት በፋሲል መዋኛ ድሮ እንዴት ይከበር እንደነበር በስልክ አስቀድታ፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ አሳጥራ በሚኒሚዲያ እንዳሰማች አውቃለሁ። ልጆቹ ቃለ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ የሰሙትን መጻፍ፣ ከረጅም ንግግር ፍሬውን መለየትና ሁለት አያቶች ሲለያዩ የትኛው እንደሚታመን መጠየቅ ተማሩ። ያስፈለጋቸው ድምፅ መቅጃ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ክፍል ተከፈተ ተብሎ ከሚቆረጥ ሪባን ይልቅ ይህኛው ይበልጥብኛል።

በሥነ ሕይወት ደግሞ የውሃ ጠብታ አለ። ስልኩ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ዴስክ ላይ ይተኛል፣ በፊተኛው ካሜራ ላይ በጥንቃቄ አንድ ትንሽ ጠብታ ይቀመጣል፣ ከቀይ ሽንኩርት የተላጠ ስስ ሽፋን በጥርት ባለ ፕላስቲክ ላይ ተዘርግቶ ከጠብታው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ በብርሃን ላይ ይያዛል። ጠብታው እንደ ሌንስ ያገለግላል፤ በስክሪኑ ላይ እንደ ጡብ የተደረደሩ ሕዋሳት ይታያሉ። በሒሳብም የፋሲል ግንብን ቅስቶች ፎቶ አንሥቶ ጂኦጀብራ በሚባለው የሒሳብ መተግበሪያ ላይ ካስገቡ በኋላ ተማሪው የእኩልታውን ቁጥሮች እየቀያየረ ከድንጋዩ ቅስት ጋር የሚገጥመው ክብ ነው ወይስ ፓራቦላ ብሎ እንዲፈትሽ ማድረግ ይቻላል። በየቀኑ በአጠገቡ የሚያልፍበትን ግንብ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጥያቄ ያየዋል።

ቴሌግራምን ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ በጥርጣሬ ነው የማስገባው። በኮሮና ምክንያት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቴሌግራም ለብዙ መምህራን የክፍል ምትክ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የተጨመረው የፈተና ጥያቄ ማዘጋጃም በእጅጉ ረድቷል። ዛሬ ግን አብዛኛው የትምህርት ግሩፕ የፒዲኤፍ መጣያ ነው። ሦስት መቶ ገጽ ማጠቃለያ ይላካል፣ አምስት ዓመት የቆየ ፈተና ይላካል፣ ማንም አይከፍተውም፣ ሁሉም ግን «ተሰጥቶናል» ይላል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን አንድ ጠቃሚ ነገር አይቻለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት አገር የኬሚስትሪ መምህሩ ማታ ማታ የሁለት ደቂቃ ድምፅ በአማርኛ ይልካል፤ «ዛሬ ሞል ያልነው ነገር እንደ ደርዘን አስቡት፤ ደርዘን አሥራ ሁለት ነው፣ ሞል ደግሞ በጣም ትልቅ ቁጥር ነው» እያለ። ድምፁ ፓኬጅ አይበላም፣ ያለ ስክሪን ይሰማል፣ ውሃ እየቀዳች ያለች ልጅም ታዳምጠዋለች። ከሦስት መቶ ገጹ ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም መጥቷል። ጥያቄ ለማርቀቅ፣ አንድን ትርጓሜ በሦስት መንገድ ለማስረዳት ለሚፈልግ መምህር ይጠቅማል፤ አማርኛው ግን ገና ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ በልበ ሙሉነትም ይሳሳታል። እንደ ረቂቅ አቅራቢ ረዳት ካዩት ጥሩ ነው፤ ሳያነብቡ ለክፍል የሚያወርዱት ከሆነ የፕላዝማው ታሪክ ተደገመ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን የጥቂት መምህራን የግል ጥረት ሆኖ ቀረ? አንደኛው ምክንያት የፈተናው ጭንቀት ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር የሚጠየቀው በዚህ ቁጥር ነው፤ ክፍል ጎብኚው ሱፐርቫይዘርም የሚያየው የዕለቱ ዕቅድ መጠናቀቁን ነው። የጎንደሩ የፊዚክስ መምህር ለአንድ ልጅ ጥያቄ ክፍለ ጊዜውን ሲሰጥ በምዘናው ቅጽ ላይ «ዕቅዱን አላጠናቀቀም» ይባላል። መልመጃውን ጨርሶ፣ ያልገባውን ክፍል ትቶ የሄደው ግን ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ውጤቱን ያወረደው ያልገባ ነገር ላይ ሌላ ያልገባ ነገር መደራረቡ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን ፍጥነት አደረግነው።

ሥልጠናውም የራሱ ችግር አለበት። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ስም የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ መጻፍና ፓወርፖይንት ማዘጋጀት ነው። ፓወርፖይንት በክፉ እጅ ጥቁር ሰሌዳው ወደ ነጭ ግድግዳ መዛወሩ ብቻ ነው፤ ተማሪው እንደ ድሮው ይገለብጣል። ፔሩ ውስጥ ለመቶ ሺዎች ተማሪዎች ላፕቶፕ ከታደለ በኋላ በ2012 እንደ ፈረንጆች የወጣው የአሜሪካ አህጉር ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ ለውጥ አላገኘም፤ መምህሩ ምን ያድርግበት የሚለው አልተመለሰምና። ሁለት የፊዚክስ መምህራን አንዱ የሌላውን ክፍል አንድ ቀን ገብቶ እንዲያይ ቢፈቀድ፣ ለዚያም ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ፣ ከሦስት ቀን የአዳራሽ ሥልጠና ይበልጣል ባይ ነኝ።

የተማሪ ስልክ ጉዳይ ደግሞ ስሱ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ስልክ ይዞ መግባትን ይከለክላሉ፤ ምክንያታቸውም አይናቅም፤ በክፍል ውስጥ ቲክቶክ የሚያይ ልጅ እንዳለ ማንም ያውቃል። ዩኔስኮ በ2023 እንደ ፈረንጆች ባወጣው የትምህርት ሪፖርቱ ቴክኖሎጂ ለትምህርቱ ጥቅም ሲባል ብቻ እንዲገባ ማስጠንቀቁ ይታወሳል። እኔ ክልከላውን የማልቃወመው በሌላ ምክንያት ነው፤ ስልክ ያለውና የሌለው ልጅ በአንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ከሌላቸው ውስጥ ደግሞ ሴቶቹ ይበዛሉ። ከላይ ያየናቸው ዘዴዎች አብዛኞቹ በአንድ ወይም በሁለት የመምህር ስልክ የሚሠሩ መሆናቸው ስለዚህ በአጋጣሚ አይደለም። አዘዞ ወይም ማራኪ ሠፈር ካለች ተማሪ እናት ላይ አዲስ ወጪ የማይጭን ፈጠራ ነው የሚቆየው።

ወጪው ግን ከእናትየው ወርዶ በመምህሩ ላይ አርፏል። ፓኬጁን የሚሞላው እርሱ ነው፤ ካርዱን የሚያሳትመው እርሱ ነው፤ ፓወር ባንኩም የእርሱ ነው። የሽንኩርቱን ሕዋስ ያሳየች አንዲት የሥነ ሕይወት መምህርት በሦስተኛው ክፍል ላይ ጠብታው ወደ ውስጥ ገብቶ የስልኳ የፊተኛ ካሜራ ደበዘዘ። በትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ለተሰበረ የሙከራ ብልቃጥ የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ሦስት ፊርማ ያርፍበትና ብልቃጡ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ በምትኩም አዲስ ይጠየቃል። ለስልኳ የሚሆን ቅጽ ፈልጋ አላገኘችም። የንብረት ሠራተኛው፣ ጨዋ ሰው ናቸው፣ መዝገቡን ገልብጠው ገልብጠው፣ «እትዬ፣ ይህ እኮ የመንግሥት ንብረት አይደለም» አሏት። በቀጣዩ ሳምንት አራተኛው ክፍል ሲገባ የሽንኩርቱን ሕዋስ በጠመኔ ሣለችው።